ትልቅ ዲስክ ለምን ወዲያው ትልቅ ቦታ አይሆንም? የቤት ኔትወርክ ማከማቻን ማሳደግ በጅማ

ሲኖሎጂ የተባለው የታይዋን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 አዲሶቹ የ«ፕላስ» ማከማቻዎቹ፣ ማለትም ሃርድ ዲስክ ይዘው ከቤት ራውተር ጋር የሚያያዙት ሣጥኖች፣ የራሱ ምልክት ካላቸው ወይም እሱ ካጸደቃቸው ሃርድ ዲስኮች ውጭ እንደማይቀበሉ ሲያስታውቅ ከደንበኞቹ ብርቱ ቅሬታ ገጠመው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ዲኤስኤም 7.3 የተባለውን የሥርዓተ ክወና እትም ሲያወጣ ክልከላውን ለሃርድ ዲስኮች አነሳ። ክልከላው ሲወጣ የሰማ ሁሉ ሲነሳ አልሰማም። «የራሱን ብራንድ ካልገዛህ አይሠራም» የሚለው ወሬ ዛሬም ይናፈሳል። በዚያው ላይ የዳታ ማዕከላት ፍላጎት ስላየለ ከ2025 መገባደጃ ወዲህ የዲስክ ዋጋ በዓለም ገበያ ጨምሯል፤ የብርና የዶላር ምንዛሪም የራሱን ጫና ጨምሮበታል።

ከወሬው በላይ ሰውን የሚያሳስቱት ግን ሁለት እምነቶች ናቸው። አንደኛው፣ ባለ 4 ቴራባይቱን ዲስክ አውጥቶ ባለ 8 ቴራባይት መክተት ቦታውን ወዲያው ያሳድገዋል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ሣጥኑ ሁለት ዲስክ ስላለው ሌላ ቅጂ አያስፈልግም የሚለው ነው። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ ንብረት ያሳጣል። ጅማ ውስጥ ለዚህ ሥራ የተመደበ ገንዘብ ወደ ትልቅ ዲስክ ከመሄዱ በፊት ለሁለተኛ ቅጂና መብራት ሲጠፋ ሣጥኑን በባትሪ ለሚያቆየው ለዩፒኤስ ሊውል ይገባል የሚል አቋም አለኝ። ምክንያቱ ያለው ሣጥኑ በሚሠራበት መንገድና በከተማዋ የመብራት ሁኔታ ውስጥ ነው።

የትኛው ሣጥን ነው?

የኔትወርክ ማከማቻ፣ በባለሙያዎች አጠራር ናስ፣ ከራውተር ጋር በገመድ የሚያያዝ፣ የራሱ ፕሮሰሰርና ሥርዓተ ክወና ያለው፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም አራት ሃርድ ዲስክ የሚይዝ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ የሚለየው ቀንና ሌሊት መሥራቱና በቤት ውስጥ ያሉ ስልኮች፣ ላፕቶፖችና ቴሌቪዥኖች በአንድ ጊዜ ከእሱ ማንበብና በእሱ ላይ መጻፍ መቻላቸው ነው። ሲኖሎጂና ኪውናፕ በስፋት የሚታወቁት አምራቾች ናቸው።

ቤተሰቦች ወደዚህ ሣጥን የገፋቸው አንዱ ምክንያት ጉግል ፎቶስ ያልተገደበ ነጻ ማከማቻውን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ማቆሙ ነው። ከዚያ ወዲህ ከ15 ጊጋባይት በላይ የፈለገ በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ ያለ ተመራማሪ የመስክ ፎቶና የምስል መረጃ ያከማቻል። ከሁሉ ቀድሞ ቦታ የሚያልቅበት ግን የሰርግ ቪዲዮ ባለሙያው ነው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ባለ 4ኬ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል። ሁለት ካሜራ እያንዳንዳቸው ስድስት ሰዓት ቢቀርጹ የአንድ ሰርግ ጥሬ ቪዲዮ 540 ጊጋባይት ነው። ባለ 4 ቴራባይት ማከማቻ በሰባት ሰርግ ይሞላል ማለት ነው። በጥርም ሆነ ከረመዳን ጾም በኋላ ሰርግ በሚደራረብባቸው ሳምንታት ይህ የአንድ ወር ሥራ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

«ታዲያ ኢንተርኔት ላይ መጫን አይሻልም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በሒሳብ ይገኛል። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚጭን መስመር 4 ቴራባይት ለመጫን መስመሩ ለአፍታ ሳይቋረጥ 37 ቀን ይፈልጋል። ለተመረጡ ፎቶዎችና ለሰነዶች ደመና ማከማቻ ጥሩ ነው፤ ለጥሬ ቪዲዮ ግን አያዋጣም።

ቦታው ለምን አይጨምርም?

በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ዲስኮች የሚጣመሩበት ዘዴ ሬይድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ባወጡት ጽሑፍ ስም የተሰጠው ይህ ዘዴ ርካሽ ዲስኮችን አቀናጅቶ አንዱ ሲበላሽ ሥራው እንዳይቆም ያደርጋል። ባለ ሁለት ዲስክ ሣጥን ላይ የተለመደው ሬይድ 1 ነው፤ አንዱ ላይ የተጻፈ ሁሉ በዚያው ቅጽበት ሌላውም ላይ ይጻፋል። ሦስትና ከዚያ በላይ ዲስክ ሲኖር ሬይድ 5 ይመጣል። እሱ ሙሉ ግልባጭ አይዝም፤ የጠፋውን አስልቶ ለመመለስ የሚበቃ ተጨማሪ መረጃ በሁሉም ዲስኮች ላይ ያሰራጫል።

ሬይድ 1 ላይ መጠኑን የሚወስነው ትንሹ ዲስክ ነው። አንዱ 4፣ ሌላው 8 ቴራባይት ከሆነ በትልቁ ላይ የተረፈው 4 ቴራባይት ግልባጭ የሚቀመጥለት ቦታ ስለሌለ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ቦታው የሚጨምረው ሁለተኛው ዲስክም ከተቀየረ፣ ከዚያም ማስፋት የሚባለው የመጨረሻ ደረጃ ከተከናወነ በኋላ ነው። ሲኖሎጂ ኤስኤችአር የሚለው የራሱ ዘዴ የተለያየ መጠን ያላቸውን ዲስኮች በተሻለ ይጠቀማል፤ ሆኖም በሁለት ዲስክ ላይ ውጤቱ ከሬይድ 1 አይለይም። ጥቅሙ የሚታየው ዲስኮቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ነው።

ሥራው ሲከናወን ይህን ይመስላል። የመጀመሪያው መሣቢያ ይሳባል፤ ሣጥኑ ጩኸት ያሰማል፤ አረንጓዴ የነበረው መብራት ወደ ብርቱካናማ ይቀየራል፤ በአስተዳደር ገጹ ላይም ማከማቻው «ተጎድቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ይህ ብልሽት ሳይሆን የሚጠበቅ ነገር ነው። አዲሱ ዲስክ ገብቶ ጥገና የሚለው ትእዛዝ ሲሰጥ መልሶ ግንባታው፣ በተለምዶ ሪቢልድ የሚባለው፣ ይጀምራል። ሣጥኑ የቀረውን አሮጌ ዲስክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያነበበ አዲሱ ላይ ይጽፋል። ብዙ ሣጥኖች ፋይል ያለበትንና የሌለበትን ቦታ ሳይለዩ ሁሉንም ይገለብጣሉ፤ ስለዚህ ግማሹ ባዶ ነው ብሎ ግማሽ ጊዜ መጠበቅ አይቻልም።

በሴኮንድ በአማካይ 130 ሜጋባይት ቢገለበጥ ለ4 ቴራባይት ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ሁለተኛው ዲስክ ወጥቶ ሌላ ስምንት ሰዓት ተኩል። በመጨረሻም አዲሱ 4 ቴራባይት ቦታ ሲሰፋ እሱም ከጓደኛው ጋር ይመሳሰላል፤ ሌላ ስምንት ሰዓት ተኩል። በድምሩ ሃያ አምስት ሰዓት ግድም ነው፣ ያውም በመሐል ማንም ሥራ ካልሠራበት። ኤዲት እያደረጉ የሚጠብቁ ከሆነ ሁለትና ሦስት ቀን ሊሆን ይችላል።

ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሣጥኑ 8 ሳይሆን 7.27 ብሎ ያሳያል። ማንም አልሰረቀም። አምራቹ ቴራባይትን በሺህ እያባዛ ይቆጥራል፤ ሣጥኑ ግን በ1024።

አደጋው በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ነው

መልሶ ግንባታው እስኪያልቅ ድረስ ሣጥኑ ውስጥ ያለው የተሟላ መረጃ አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ያ ዲስክ ደግሞ በመጀመሪያው ዙር ለዓመታት የሠራው አሮጌው ነው፤ ከተጫነ ወዲህ ተነብበው የማያውቁ ቦታዎቹ ሳይቀሩ በአንድ ሌሊት ይነበባሉ። ተደብቆ የቆየ ጉዳት የሚገለጠው ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። የብዙ መደበኛ ዲስኮች መግለጫ ወረቀት ከ100 ትሪሊዮን ቢት ንባብ ውስጥ ከአንድ በላይ ሊነበብ የማይችል ስህተት እንደማይኖር ይገልጻል። ያ መጠን 12.5 ቴራባይት ነው። አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው ትልልቅ ዲስክ ያለው ሬይድ 5 መልሶ ሲገነባ መክሸፉ አይቀርም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ቁጥሩ አምራቹ የሰጠው የዋስትና ጣሪያ እንጂ የታየ ውጤት አይደለም፤ ጤናማ ዲስኮች ከዚያ በብዙ እጥፍ ያለ ስህተት ይነበባሉ ሲሉ ይሞግታሉ። ሁለተኛው ወገን ወደ እውነቱ የቀረበ ይመስለኛል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዲስኮችን የሚያንቀሳቅሰውና የብልሽት መዝገቡን ለሕዝብ የሚያወጣው ባክብሌዝ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ለ2024 ያስመዘገበው ዓመታዊ የብልሽት መጠን 1.57 በመቶ ነው። ዲስክ በራሱ ቶሎ የሚረግፍ ዕቃ አይደለም።

ነገር ግን የባክብሌዝ ዲስኮች የሚሠሩት መብራት በማይቋረጥበት አዳራሽ ውስጥ ነው። የጅማ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጊልጌል ግቤ አንደኛ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል፤ የሕዳሴው ግድብም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ተመርቋል። «ይህ ሁሉ ኃይል እያለ ለምን ይጠፋል?» የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሳል። ቤት ድረስ የሚደርሰው መብራት ግን ከማመንጫው ይልቅ በማከፋፈያ መስመሩ፣ በትራንስፎርመሩና በምሰሶው ይወሰናል። ረጅሙ የጅማ ዝናብና ነጎድጓድ የሚፈትነውም እነዚህን ነው።

ሃያ አምስት ሰዓት ሳይቋረጥ መሥራት ያለበት ሣጥን ስምንተኛው ሰዓት ላይ መብራት ቢጠፋበት ምን ይሆናል? ሥርዓቱን ጠብቆ የተዘጋ ሣጥን መልሶ ግንባታውን ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል። በድንገት የጠፋ ግን ከመጀመሪያው እንዲጀምር የሚገደድበት ጊዜ አለ፤ ያኔ አሮጌው ዲስክ እንደገና ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነበባል። ከዚህ የከፋው ሊጻፍ ተሰልፎ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ የነበረ መረጃ መጥፋቱ ነው። የፋይል ዝርዝሩ ራሱ እየተጻፈ ከነበረ አንድ ፋይል ብቻ ሳይሆን አንድ ሙሉ ፎልደር ሊበላሽ ይችላል። ሬይድ 5 ላይ ደግሞ መረጃውና የማስተካከያ ስሌቱ ሳይጣጣሙ ሊቀሩ ይችላሉ። መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው የቮልቴጅ መዋዠቅም የኃይል አስማሚውን ሊያቃጥል ይችላል።

እዚህ ላይ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ሊምታቱ አይገባም። ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ ያስተካክላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል። ጄኔሬተርም ቢሆን እስኪነሳ ባለው ክፍተት ሣጥኑን አያድነውም። ዩፒኤስ ባትሪ ስላለው ክፍተቱን ይሞላል። ባለ ሁለት ዲስክ ሣጥንና ራውተር አንድ ላይ ከ30 እስከ 40 ዋት ያህል ነው የሚወስዱት። ባለ 12 ቮልትና 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው ትንሹ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ፣ ባትሪው አዲስ ከሆነ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊያቆያቸው ይችላል። ትልቁ ቁም ነገር ግን የሚያቆይበት ጊዜ ርዝመት አይደለም። ዩፒኤሱ የዩኤስቢ መውጫ ካለውና ከሣጥኑ ጋር ከተገናኘ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሣጥኑ ራሱን በሥርዓት ይዘጋል። ይህ ገመድ የሌለው ዩፒኤስ ሰው በሌለበት ሌሊት የሚሰጠው ጥቅም ግማሽ ነው። ስለዚህ ዩፒኤስ ሲገዛ ከኋላው ዩኤስቢ መኖሩን፣ ሣጥኑም ያንን ሞዴል ማወቁን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ስለ አየሩ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። አብዛኞቹ ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ እንዲሠሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ጅማ ወደ 1,780 ሜትር ነች። ሙቀቷም ለዲስክ ተስማሚ ነው፤ ሣጥኑ አየር በሌለው ቁም ሣጥን ውስጥ ካልታፈነ በስተቀር። በክረምት በቀዝቃዛ ጭነት የመጣ ዲስክ ግን ወዲያው አይሰካም፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝና ውስጡ የቋጠረው እርጥበት እስኪደርቅ ለጥቂት ሰዓታት ይቀመጣል።

የትኛው ዲስክ ይገዛ?

በዲስክ ግዢ ላይ ብዙ ሰው የሚያየው መጠኑንና ዋጋውን ነው። ከሁለቱ እኩል ሊታይ የሚገባው ግን መረጃው በዲስኩ ውስጥ በሚሽከረከረው ሳህን ላይ የሚጻፍበት መንገድ ነው። በመደበኛው መንገድ፣ ሲኤምአር በሚባለው፣ የመረጃ መስመሮቹ ጎን ለጎን ሳይነካኩ ይጻፋሉ። ኤስኤምአር በሚባለው ግን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የአንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ ይደረባል። በዚህ ምክንያት ብዙ መረጃ በትንሽ ቦታ ይይዛል፤ አንዱን መስመር ለመቀየር ግን በላዩ የተደረቡትን ሁሉ እንደገና መጻፍ ግድ ይሆናል። ፊልም አንዴ ጽፎ ለሚያስቀምጥ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም። ለሰዓታት ያለማቋረጥ በሚጽፍ መልሶ ግንባታ ላይ ግን ዲስኩ ይንቀራፈፋል።

ይህ ጉዳይ አደባባይ የወጣው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ነው። ዌስተርን ዲጂታል ለኔትወርክ ማከማቻ ተብለው በሚሸጡት ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ባሉት «ሬድ» ዲስኮቹ ላይ ለገዢ ሳያሳውቅ ኤስኤምአር መጠቀሙ ያን ጊዜ ታወቀ። በዚያ ዓመት በተደረገ አንድ ሙከራ፣ ዜድኤፍኤስ በተባለው የፋይል ሥርዓት ላይ መደበኛ ዲስኮች ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ የጨረሱትን መልሶ ግንባታ ባለ 4 ቴራባይቱ ኤስኤምአር ዲስክ ከዘጠኝ ቀን በላይ ፈጅቶበታል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ዘጠኝ ቀን ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ኩባንያው ከዚያ በኋላ መደበኛዎቹን «ሬድ ፕላስ» በሚል ስም ለየ።

ስለዚህ መለያ ወረቀቱ ቃል በቃል ይነበባል። ባለ 4 ቴራባይቱ ሬድ ላይ የሞዴሉ ቁጥር በኢኤፍኤኤክስ (EFAX) ካለቀ ኤስኤምአር ነው፤ በኢኤፍአርኤክስ (EFRX) ካለቀ የቀድሞው መደበኛ ነው። ይህ ግን ለሁሉም መጠን አይሠራም፤ በትልልቆቹ ላይ እነዚያው ፊደላት መደበኛውን ዲስክ ሊያመለክቱ ይችላሉ። አስተማማኙ መንገድ ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ከአምራቹ ዝርዝር ጋር ማመሳከር ነው። ሲጌት «አይረንዎልፍ» የሚላቸው ዲስኮች በሙሉ መደበኛ እንደሆኑ አስታውቋል።

ያገለገለ ዲስክ መግዛት በእኛ ገበያ የተለመደ ነው፤ በራሱም ክፉ አይደለም። ችግሩ ያገለገለው እንደ አዲስ ሲሸጥ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሃይዘ የተባለው የጀርመን የቴክኖሎጂ ዜና ተቋም ከዳታ ማዕከል የወጡ የሚመስሉ የሲጌት ዲስኮች የሥራ ሰዓታቸው ተሰርዞ በአዲስ ስም እንደተሸጡ አጋለጠ። ዲስኩ ስለ ጤንነቱ የሚይዘው መደበኛ መዝገብ ስማርት ይባላል፤ የተሰረዘው እሱ ነበር። ፋርም በተባለው በሲጌት ሁለተኛ መዝገብ ላይ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ የሥራ ሰዓታት ተገኙ። ብዙዎቹ ቺያ ለሚባለው የዲጂታል ገንዘብ ሲሠሩ የነበሩ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ተጠረጠረ። አውሮፓ ውስጥ በታወቁ ሻጮች በኩል ያለፈ ማጭበርበር በሰው እጅ ከዱባይ የሚመጣ ዕቃ ላይ አይደርስም ማለት አይቻልም። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ዲስኩ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ሁለቱም መዝገቦች ቢታዩ ደግ ነው። ስማርት ላይ በተለይ መለያ ቁጥራቸው 5 እና 197 የሆኑት መስመሮች ይታያሉ። 5ኛው ተበላሽተው በመጠባበቂያ ቦታ የተተኩትን፣ 197ኛው ደግሞ ተጠርጥረው ውሳኔ የሚጠብቁትን ክፍሎች ቁጥር ይናገራል። ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው።

ከዳታ ማዕከል የሚወጡ ዲስኮች ሌላም ጣጣ አላቸው። ሳስ የተባለ መሰኪያ ያላቸው በቤት ሣጥኖች ሳታ መሰኪያ ላይ ጨርሶ አይገቡም። መለየቱ ቀላል ነው፤ በሳታ ዲስክ ላይ በመረጃውና በኃይሉ መሰኪያ መካከል ክፍተት አለ፤ በሳስ ላይ ክፍተቱ ተሞልቷል።

ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ሳህን የሌለውን ፈጣን ዲስክ፣ ለፍጥነት ልግዛ የሚልም አለ። ጊጋቢት የኔትወርክ ገመድ በሴኮንድ ከ110 ሜጋባይት ብዙም አያሳልፍም፤ ያንን ደግሞ ተራ ሃርድ ዲስክ ይሞላዋል። ብዙ ርካሽ ራውተሮች መሰኪያቸው የ100 ሜጋቢት ብቻ በመሆኑ ከ11 ሜጋባይት አያልፉም። ፍጥነት ያነሰው ሰው መጀመሪያ ራውተሩን ይመልከት።

አንድ በአንድ ወይስ ከባዶ?

ማሳደጊያው መንገድ ሁለት ነው፤ እያንዳንዱም ጠበቃ አለው። አንድ በአንድ መቀየርን የሚመርጡ ፕሮግራሞቹ፣ የተጠቃሚ ስሞቹና ቅንብሮቹ ሳይነኩ መቆየታቸውን፣ ሥራም አለመቋረጡን ያነሳሉ። ሌሎች ደግሞ ሁሉንም ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ገልብጦ፣ ሁለቱንም አዲስ ዲስክ በአንዴ አስገብቶ፣ ከባዶ አዘጋጅቶ መመለስ ይሻላል ይላሉ። አሮጌዎቹ ዲስኮች ሁለቱም ሳይነኩ ይቀመጣሉ፤ የሚነበበውም ፋይል ያለበት ቦታ ብቻ ነው። በተጨማሪ፣ 32 ቢት ፕሮሰሰር ያላቸው ጥንታዊ ሣጥኖች አንድ ክፍልፋይን ከ16 ቴራባይት በላይ ማስፋት ስለማይችሉ ባለ አራት ዲስክ ለሆኑት ከባዶ መጀመር አማራጭ የሌለው ሊሆን ይችላል።

ለባለ ሁለት ዲስክ ሣጥን አንድ በአንድ መቀየሩ አንድ ጥሩ ጎን አለው፤ ብዙዎች አያስተውሉትም። መጀመሪያ የወጣው አሮጌ ዲስክ በወጣበት ደቂቃ የነበረውን ሁሉ ሙሉ በሙሉ ይዟል። ሥራው እስኪጠናቀቅና ፋይሎቹ ተከፍተው እስኪታዩ ድረስ ካልተደመሰሰ፣ ሌላ ቦታም ካልተሰካ፣ ራሱ አንድ ቅጂ ነው። ለዚህም ሲባል መልሶ ግንባታው በሚካሄድባቸው ሰዓታት አዲስ ሥራ ባይጫን ይመረጣል። ሬይድ 5 ላይ ግን የወጣ አንድ ዲስክ ለብቻው ምንም አይነበብም። ሁለቱን ማምታታት ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።

በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ሬይድ የቅጂ ምትክ አይሆንም። በስህተት የጠፋ ፋይል ከሁለቱም ዲስክ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዴድቦልት የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ለኢንተርኔት ክፍት የነበሩ የኪውናፕ ሣጥኖችን ሲቆልፍ ሬይዱ የተቆለፈውን ፋይል በታማኝነት ገለበጠ። ሌባና መብረቅም ሁለቱን ዲስክ ከነሣጥኑ ነው የሚያገኙት። ፒተር ክሮህ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው የ3-2-1 ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይላል። ጅማ ላይ ይህ ማለት አንዱ ቅጂ ሣጥኑ ውስጥ፣ አንዱ ጠረጴዛ መሣቢያ ውስጥ ባለ ኤክስተርናል ዲስክ፣ ሌላው አጋሮ ወይም ጅሬን ባለ ዘመድ ቤት ሊሆን ይችላል። ቅጂውን በወር አንዴ ማደስ በቂ ለሆነላቸው ቤተሰቦች ይህ ለኢንተርኔት ምንም ሳይከፈል የሚሠራ መንገድ ነው።

ቅጂው ሲወሰድ ኤክስተርናሉ ሣጥኑ ላይ ባለው ዩኤስቢ በቀጥታ ቢሰካ ይሻላል። በ100 ሜጋቢት ራውተር በኩል በላፕቶፕ 4 ቴራባይት ለመገልበጥ ከአራት ቀን በላይ ይወስዳል፤ በቀጥታ ዩኤስቢ 3 ግን ከአሥር ሰዓት ብዙም አይርቅም። የተገለበጠውም ሳይከፈት አይታመንም። ከየፎልደሩ አንድ ሁለት ቪዲዮ ከመሐሉ ማጫወት ይበቃል።

ገንዘቡ ሲያንስ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከዚያም ጨምሯል። ዲስክ ሙሉ በሙሉ የውጭ ዕቃ በመሆኑ ዋጋው ያንን ተከትሏል። የሦስትና የአምስት ዓመት ዋስትናውም ዲስኩን ወደ ተገዛበት አገር መመለስ ለማይችል ሰው ብዙ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ዲስኮችን በአንዴ መግዛት የማይችል ሰው አንድ ትልቅ ዲስክ ገዝቶ ሣጥኑ ውስጥ ቢያስገባ ምንም አያተርፍም። ያንኑ አንድ ዲስክ በውጫዊ መያዣ አድርጎ ቅጂ ቢያስቀምጥበት ግን ዛሬውኑ ይጠቀማል፤ ሁለተኛው ሲገዛ ወደ ሣጥኑ መዛወር ይችላል። ለቪዲዮ ስቱዲዮዎች ሌላም መንገድ አለ። ያለቀለት ቪዲዮ ለደንበኛው ከተሰጠ በኋላ ጥሬው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ በውል ላይ መጻፍ ነው። ስድስት ወር ከተባለ ሰባተኛው ወር ላይ ያለ ክርክር ይለቀቃል፤ ብዙ ጊዜ ሣጥኑን የሚሞላው ማንም የማይጠይቀው ጥሬ ቪዲዮ ነው።

የወጡት ዲስኮች

ማስፋቱ ካለቀና ሁሉም ከተረጋገጠ በኋላ አሮጌዎቹ ዲስኮች ብዙውን ጊዜ ይሸጣሉ ወይም ለሌላ ሰው ይሰጣሉ። ፈጣን ፎርማት የፋይል ዝርዝሩን ብቻ ያነሳል፤ ፎቶውና ቪዲዮው ሳህኑ ላይ እንዳለ ነው፤ በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም ይመለሳል። የሰው ሙሽራ፣ የታካሚ መረጃ ወይም የደንበኛ ውል ይዞ የነበረ ዲስክ ሙሉው ገጽ በዜሮ ተጽፎበት መውጣት አለበት፤ ለ4 ቴራባይት ያው የስምንትና የዘጠኝ ሰዓት ሥራ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሌሎችን መረጃ በሥራው ምክንያት የሚይዝ ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት። 5ኛው ወይም 197ኛው መስመር ላይ ቁጥር የታየበት ዲስክ ደግሞ መጻፉን እስከ መጨረሻው ላይቀበል ስለሚችል ሳህኑ በመሰርሰሪያ ተበስቶ ቢወገድ ይሻላል። ጤናማው ግን ከተደመሰሰ በኋላ ከቤት ውጭ ለሚቀመጠው ሦስተኛ ቅጂ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ የቤተሰቡ ፎቶና ሰነድ ከ4 ቴራባይት በታች ከሆነ ሌላ መግዛትም አያስፈልግም።